ከፍሎ በእግር መሄድ

«ለመሆኑ መኪና ጠፍቶ ነው?» አለችኝ እናቴ።

የደወልኩላት ከጣሊያን ነበር። አራት ቀን ሙሉ በባሕር ዳር ተራራ ለተራራ በእግሬ ልሄድ እንደሆነ፣ መንገድ የሚመራን ሰው እንዳለ፣ ለዚህም ገንዘብ እንደተከፈለ ነግሬያት ነው። ትንሽ ዝም አለችና «ማነው የሚከፈለው? እናንተ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም እማዬ፣ እኛ ነን የምንከፍለው።»

«በእግራችሁ ለመሄድ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔ የስንት ዘመን ዕዳ አለብኝ!»

እናንተም ሳትስቁ አልቀራችሁም። እኔም ስቄያለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እናቴ ልጅ ሆና ውኃ የቀዳችው፣ ገበያ የተመላለሰችው፣ ትምህርት ቤት የሄደችው በእግሯ ነው። በኛ ዘንድ በእግር መሄድ ማለት ታክሲ መጥፋት ነው፣ ሳንቲም ማነስ ነው፣ መንገድ አለመኖር ነው። «እሱ እኮ በእግሩ ነው የሚመላለሰው» ሲባል ስለ ሰውዬው ኪስ እንጂ ስለ ልቡ ጤንነት የሚያስብ የለም። ታዲያ ማነው በእግር መሄድን ከችግር መዝገብ ሰርዞ በድሎት መዝገብ ላይ ያሰፈረው? መቼ? ደግሞስ የምንሄድበትን መንገድ መጀመሪያ የረገጠው ማን ነበር? ይኼን ስጠይቅ ነው የታሪክ ባለሙያ ሳልሆን ታሪክ ውስጥ ዘው ያልኩት። (ነገሩ የጣሊያን ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

የወሰደችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ሚላኖ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ አዛውንት መንከባከብ ነው፤ ጣሊያኖቹ «ባዳንቴ» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጣሊያንን ያየችው በሰው መኝታ ቤት መስኮት ነው ብል አላጋነንኩም። አሁን የምትጦራቸው ሴትዮ ዘጠናን ተሻግረዋል። የተወለዱት ቺንኩዌ ቴሬ በሚባለው አገር ነው። «ሄደሽ እይልኝ» እያሉ ሲወተውቷት ከረሙና በመጨረሻ አንድ መልእክት ሰጧት። ቮላስትራ የምትባለው መንደር አጠገብ የአባታቸው የወይን ማሳ አለ፤ የማሳው ካብ ቆሞ እንደሆነ አይታ እንድትነግራቸው ነው። እሷም ፈቃድ ወሰደች፣ እኔን ጎተተች፣ መሪ ካለው የእግር ተጓዦች ቡድን ጋር ተመዘገብን።

ቺንኩዌ ቴሬ «አምስቱ ምድሮች» ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ሊጉሪያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከጄኖቫ ወደ ላ ስፔዚያ በሚወስደው የባሕር ዳርቻ ላይ የተለጠፉ አምስት መንደሮች ናቸው። ሪዮማጆሬ፣ ማናሮላ፣ ኮርኒልያ፣ ቬርናጻ፣ ሞንቴሮሶ። «የተለጠፉ» ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ተራራው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሜዳ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቤቶቹ ቢጫ፣ ቀይና ሮዝ ተቀብተው አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ቀን መቁጠሪያ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አስጎብኚያችን ከሁሉ አስቀድሞ የፈተሸው ጫማችንን ነው። ስልሳውን የተሻገረ፣ እግሩ የፍየል የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር በተራራው መንገድ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚገኝ ሰው ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ሊቀጣ እንደሚችል አስታውቆ ነበር። ቱሪስቱ ከመርከብ ወርዶ በሸበጥ ገደል እየወጣ፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ በየቀኑ እየተጠራ ስላስቸገረ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኩት። ፊቱ በራ። «ቢኪላ!» አለ። ከዚያ ለቡድኑ በሙሉ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም ሳቁ። የአክስቴን ልጅ ምን አለ ብላት፣ «ለሱ ብቻ ባዶ እግር ተፈቅዷል» ነው ያለው።

አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ሙሶሊኒ ያስዘረፈው የአክሱም ሐውልት በቆመበት አደባባይ አጠገብ ነው ያለፈው። ሐውልቱ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ገና ሌላ 45 ዓመት ቀርቶት ነበር። አስጎብኚያችን ይኼን ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ጉዞ በቀልድ ሲጀመር ጥሩ ነው።

በእግር መሄድን ለደስታ ማድረግ አውሮፓ ውስጥም ቢሆን የቆየ ነገር አይደለም። ገበሬ በእግሩ ሲሄድ ኖሯል፣ ወታደር ሄዷል፣ ተሳላሚ ሄዷል፤ ደስ ስለሚል ብቻ የሄደ ግን ብዙ አልነበረም። ለደስታ መሄድ የመጣው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ሰው ሲበዛ ነው። ቶማስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ሰው ሰብስቦ በባቡር ሽርሽር ወሰደ፤ በ1863 ስዊዘርላንድ፣ በዓመቱ ጣሊያን ድረስ ዘለቀ። በዚያው በ1863 ቶሪኖ ላይ የጣሊያን የተራራ ወጪዎች ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ በየድንጋዩና በየዛፉ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ቀብቶ «በዚህ ሂድ» የሚለን ይኸው ማኅበር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች መንገዱን አልሠሩትም። መንገዱ ነበረ። እነሱ የሠሩት ምልክቱን ነው።

ታዲያ መንገዱን ማን ሠራው?

ከማናሮላ በላይ ገና ሽቅብ መውጣት እንደጀመርን ነው መልሱን ያየሁት። መንገዱ በግራና ቀኝ በድንጋይ ተክቧል። ከካቡ በላይ ሌላ ካብ፣ ከዚያ በላይ ሌላ፣ ተራራው እስኪያልቅ ድረስ። በየሁለቱ ካብ መካከል አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚሞላው የምታህል መሬት፣ እዚያች ላይ የወይን ሐረግ። ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። አስጎብኚያችን «ሙሬቶ ኣ ሴኮ» እያለ፣ ደረቅ ግንብ ማለት ነው እያለ ለፈረንጆቹ ሲያስረዳ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እኛ እኮ ለዚህ አንድ ቃል አለን። ካብ።

ካቡን መካብ የተጀመረው የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ያኔ ሰዉ የሚኖረው ከተራራው ወገብ በላይ ነበር፤ ባሕሩ ይፈራል፤ በየጊዜው ከወዲያ ማዶ የባሕር ወንበዴ ይመጣል። ሞንቴሮሶ ላይ ለዚሁ የተሠራ የጥበቃ ማማ ዛሬም ቆሟል። የባሕር ዳሩ ሰላም እያገኘ ሲመጣ ሰዉ ቀስ በቀስ ወረደ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የጄኖቫ ሪፐብሊክ አካባቢውን ያዘች። ወይኑ በመርከብ እየተጫነ ይሸጥ ጀመር። ወይን የሚሸጥ ከሆነ ተራራውን ማረስ ነው፤ ተራራውን ለማረስ ደግሞ ተራራውን ደረጃ ማድረግ። አለቱን በመዶሻ ይሰብራሉ፤ ትልልቁን ድንጋይ ፊት ለፊት ይክባሉ፤ ከኋላው ጠጠር ይሞላሉ፤ ከላይ አፈር። አፈሩም ሆነ ድንጋዩ የሚጓጓዘው በሰው ጀርባና በሰው ራስ ላይ ነው።

በሰው ስል በአብዛኛው በሴት ማለቴ ነው። መንደሩ ውስጥ ተለጥፎ ያየሁት አሮጌ ፎቶግራፍ አለ። ሴቶች ናቸው። ጨርቅ ጠቅልለው አናታቸው ላይ አድርገዋል፤ በላዩ ወይን የሞላ ቅርጫት። መንገዱ ያው እኛ የመጣንበት፣ ደረጃውም ያው። አንዷ ወደ ካሜራው ታያለች። ፊቷን የማውቀው መሰለኝ፤ የት እንዳየኋት ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሌላም የእግር መንገድ ነበራቸው። ከአምስቱም መንደሮች በላይ፣ ከየራስጌያቸው፣ አንድ አንድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። የሪዮማጆሬው ሞንቴኔሮ ይባላል፣ የሞንቴሮሶው ሶቪዮሬ፣ የቬርናጻው ሬጆ። በዓመት በዓሉ መንደሩ ነቅሎ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ይኼኛው ለኔ አዲስ አልሆነብኝም። ግሸንን የወጣ ሰው ላብና ጸሎት እንዴት እንደሚቀላቀሉ ያውቀዋል።

አሁን ኮንሶን ሳላነሳ አላልፍም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ተራራ ላይ ቆሜ ያየሁት ኮንሶን ነው። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ እየተቀባበለ ደረቁን ተራራ በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎታል። አንዳንዱ ካብ ቁመቱ አምስት ሜትር ይደርሳል። ያለ ሲሚንቶ ነው፤ የዝናቡን ውኃ ይይዛል፣ የተረፈውን በድንጋዩ መሐል ቀስ አድርጎ ይለቃል። እነዚህ በወይን ፋንታ ማሽላ፣ በወይን ጠጅ ፋንታ ጨቃ። ዩኔስኮ የቺንኩዌ ቴሬን ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ኮንሶን በ2011። በ2018 ደግሞ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ የመካብ ጥበብ ራሱ ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ስም በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ከቡድናችን ውስጥ ጎልማሳ ደቾች ነበሩ፣ መምህራን ናቸው። ስለ ኮንሶ ስነግራቸው «እንዴ! እዚያም አለ?» አሉኝ። በነሱ አልፈርድም። የፈረድኩት በራሴ ነው። እኔ ራሴ ኮንሶን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ለሥራ ሳልፍ፣ በመኪና መስኮት ነው። አልወረድኩም። የሰው አገር ካብ ለማየት ባሕር ተሻግሬ፣ ከፍዬ፣ ጫማዬን አስፈትሼ በእግሬ ሄድኩ፤ የራሴን በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አለፍኩት።

ሁለተኛው ቀን ቬርናጻ ነበርን። አምስቱ ውስጥ በጣም የምታምረው እሷ ናት ይላሉ፤ ትንሽ ወደብ፣ ወደቡ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከበላይ ማማ። አስጎብኚያችን ግን ወደ ወደቡ አልወሰደንም። መንደሯ መሐል በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ አቁሞን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ግድግዳውን በእጁ ነካ። «ጭቃው እዚህ ድረስ ነበር» አለ።

ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ነው። ኮንሶ በቅርስነት በተመዘገበች በአራተኛ ወሯ መሆኑ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወራት ዝናብ ወረደ። ተራራው ሟሸሸ። ውኃው ድንጋይና አፈር፣ መኪናና ዛፍ እየገፋ በጠባቧ መንገድ ወረደና ሱቁንም ምግብ ቤቱንም እስከ መጀመሪያው ፎቅ ቀበረው። በቬርናጻ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ሞንቴሮሶም ሰው አጥታለች። ባቡሩም መንገዱም ተቋርጦ ሰዉን በጀልባ ነው ያወጡት።

ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ይኼን ማንም አይክድም። ነገር ግን ተራራውን ካጠኑት ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አብዝቶ የተናደው ባለቤት ያጣው እርከን ነው። ካብ ሰው ይፈልጋል። በየዓመቱ ክረምት አልፎ አንድ ድንጋይ ይወልቃል፤ ያን ጊዜ ቢመልሱት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካልመለሱት በቀዳዳው አፈሩ ይወጣል፣ ካቡ ሆዱን ይነፋል፣ ከዚያ ይዘረገፋል። ከላይ ያለው ሲወርድ የታችኛውን ይዞት ይሄዳል።

ባለቤቱስ ለምን ጠፋ? ከዚህ በኋላ ነው የታሪኩ ጫፍ የኛን ቤት የሚነካው።

ከአምስቱ መንደሮች በስተምሥራቅ ያለችው ከተማ ላ ስፔዚያ ናት። ኢጣሊያ አንድ አገር እንደሆነች፣ ገና በ1862፣ እዚያ ትልቅ የጦር መርከብ መሥሪያ ታንጸው ጀመር። በ1869 ተመረቀ። ይኼን ዓመት ያዙልኝ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 15 ቀን ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ቀይ ባሕር ዳር ሄዶ ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ተዋዋለና የአሰብን መሬት ለመግዛት ተስማማ። ሳፔቶ የሊጉሪያ ሰው ነው፤ በ1838 ዓድዋ ገብቶ የነበረ፣ አገራችንን አሳምሮ የሚያውቅ። መሬቱ የተያዘው ሩባቲኖ በተባለው የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ስም ነው። (ጋሪባልዲን በ1860 ከነዘማቾቹ ወደ ሲሲሊ ያጓጓዙት መርከቦች የዚሁ ኩባንያ ነበሩ።) ከውሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 17፣ የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1882 መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ምፅዋ ተያዘች፤ በ1896 ዓድዋ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ይኼን ታሪክ የማውቀው ከኛ በኩል ነው። ከዚያኛው በኩል ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም ነበር። የላ ስፔዚያው መሥሪያ ሠራተኛ ይፈልጋል። በ1874 ከጄኖቫ ላ ስፔዚያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ተራራውን በዋሻ በዋሻ እየበሳ ተጠናቀቀ። እስከዚያ ድረስ ከመንደር መንደር በእግር ወይም በጀልባ የሚሄደው የሪዮማጆሬ ወንድ፣ ጠዋት ባቡር ተሳፍሮ መርከብ ሊሠራ ይወርድ ጀመር። ደመወዝ አለው፤ ዝናብ አይመታውም፤ ድንጋይ አይሸከምም። ማን ይፈርድበታል? ካቡ ለሽማግሌና ለሴት ቀረ። ቀጥሎ ከአሜሪካ የመጣ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የወይኑን ሥር በላው። ቀጥሎ ስደት፣ ቀጥሎ ሁለት ጦርነት። ዛሬ ድሮ ከታረሰው እርከን የሚበዛውን ጫካና እሾህ ወርሶታል።

ቅኝ ግዛት ሲነሳ እኛ የሚታየን ወደኛ የመጣው መድፍ ነው፤ ልክም ነው። ያን መርከብ የሠራው መሥሪያ ግን እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የደጁን ካብ አራቁቶ ነበር። ይኼን የምለው ላዝንላቸው ፈልጌ አይደለም። እንደዚያው ስለሆነ ነው።

ባቡሩ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል በገደሉ ወገብ ላይ የተጠረበች አንድ ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ አለች። «የፍቅር መንገድ» ትባላለች፤ የዓለም ጥንዶች ቁልፍ እያንጠለጠሉ ቁልፉን ባሕር የሚወረውሩባት። መንገዷ የተጀመረችው በ1920ዎቹ፣ የባቡር ዋሻው ሲሰፋ፣ ሠራተኞቹ ድማሚት ከመንደር አርቀው ለማስቀመጥ ሲሉ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ መንደሮች የሚገናኙት በአናት በኩል በሚሄድ ዳገት ስለነበር ጎረቤት ሆነው ካብ ለካብ ይተያዩ ነበር። መንገዷ ስትሠራ የወዲህ ጎረምሳና የወዲያ ኮረዳ መገናኘት ጀመሩ፤ ስሙ ከዚያ መጣ። በሴፕቴምበር 2012 ድንጋይ ተንዶ አራት አውስትራሊያውያን ጎብኚዎች ቆሰሉና ተዘጋች። የተከፈተችው በ2024 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት! በክፍያና በቀጠሮ ነው የሚገባው። እኛም ቀጠሮ ይዘን ገባን፤ ቆንጆ ናት፤ ከላይ የብረት መረብ አለ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከአራት ሺህ የማይበልጥ ነዋሪ ላለባቸው አምስት መንደሮች በዓመት የሚመጣው ጎብኚ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ወይን ከመትከል ክፍል ማከራየት ይሻላል። የሚከራየው ክፍል ግን የሚፈለገው መስኮቱ ሲከፈት እርከኑ ስለሚታይ ነው። እርከኑን የሚጠብቀው ደግሞ ወይን የሚተክለው ሰው ነው። አስጎብኚያችን ይኼን ሲያስረዳን ፈገግታው ጠፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ፎቶግራፏ ሴት ልመለስ። የት እንዳየኋት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ መጣልኝ። እንጦጦ ነው። ልጅ ሆነን ሽሮ ሜዳ ስንሄድ ከላይ የሚወርዱት እናቶች፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ አገር በቀሉ ዛፍ ለማገዶ አለቀ፤ ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ ከውጭ መጣ፤ ያ ባሕር ዛፍ የስንት ትውልድ ሴት ወገብ ጎበጠበት። በኦክቶበር 2020 እንጦጦ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ስፖርት ጫማ አድርገን፣ ንጹሕ አየር እየሳብን፣ የምንዝናናው በነሱ ተራራ ላይ ነው። እኔም እሄዳለሁ፤ ደስም ይለኛል። የቺንኩዌ ቴሬ ሰዎች ግን ቢያንስ የሴቶቹን ፎቶግራፍ መንገዱ ላይ ሰቅለዋል።

ለአክስቴ ልጅ ይኼን ስነግራት «አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ለቅሶ ታደርገዋለህ» ብላኝ ተኛች። እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ አራት ቀን እረፍት ያገኘችው እሷ ናት።

ሦስተኛው ቀን ቮላስትራ። ከቡድኑ ፈቃድ ጠይቀን ሁለታችን ተነጠልን። ሴትዮዋ በወረቀት ላይ ሥዕል ሠርተው ሰጥተዋታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የወይራው ዛፍ፣ ወደ ታች ሁለተኛው እርከን። አጠገቡ ያለውን ማሳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ካብ እየጠገኑ ነበር። የአክስቴ ልጅ በጣሊያንኛ ሰላምታ ሰጥታ የሴትዮዋን የቤተሰብ ስም ስትነግራቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ፤ ቆባቸውን አወለቁ። በእጃቸው አሳዩን። የወይራው ዛፍ አለ። ከሱ በታች እሾህና ቁልቋል ነው። ካቡ በሁለት ቦታ ተዘርግፎ ድንጋዩ እታችኛው ማሳ ላይ ተበትኗል።

እኔ አንዱን ድንጋይ አንስቼ ሽማግሌው በሚጠግኑት ክፍተት ውስጥ አስቀመጥኩት። አውጥተው፣ ገልብጠው፣ ሰፊውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው መለሱት። ምንም አላሉኝም።

አራት ቀን በእግራችን የሄድነውን፣ ስንመለስ ባቡሩ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም፤ እሱም ይበልጡ ዋሻ ነው። የአክስቴ ልጅ እስከ ሚላኖ ድረስ አልተኛችም። «ምን ልበላቸው?» ትለኛለች። «ዘጠና ዓመት ላለፈው ሰው ቆሟል ቢባል ማን ይጎዳል?» እኔ መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ አብሬያት ሄድኩ። ሴትዮዋ ትራሳቸውን ደግፈው ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቋት። ትንሽ ቆየችና «ወድቋል» አለቻቸው።

«ከየት በኩል?»

«ከሆዱ። ሁለት ቦታ።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባቴ እዚያ ጋ ጠጠር አንሷል ይል ነበር» አሉና መድኃኒታቸውን እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።